6,500 ብር የከፈልኩበት የካይዘን ስልጠና

«ካይዘን» የሚባለው የጃፓን ሥራ ማሻሻያ ዘዴ ስሙ ሲነሳ አባዬ ይስቃል። «እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓዳውን ገልብጣ የምታጸዳው ታዲያ ምን ሊባል ነው?» ይለኛል። ስልጠናውን ጨርሼ የመጣሁ ቀንም መጀመሪያ ያለኝ «በ6,500 ብር መጥረጊያ እንኳን አልመረቁልሽም?» ነው።

መጥረጊያ አልመረቁልኝም። ምን እንዳገኘሁና ምን እንዳጣሁ ግን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ነው።

ጅማ መርካቶ አካባቢ የቤት ዕቃ መሥሪያ አለን። አባዬ ያቋቋመው ነው፤ አሁን የምመራው እኔ ነኝ። እሱ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። በራፉ ላይ ባለ ሦስት እግር በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል፣ መንገደኛውን ሰላም ይላል፣ እኔን ይተቻል። ሰባት ሠራተኞች አሉን። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እንሠራለን። እንጨታችን በአብዛኛው ዋንዛ ነው።

ችግራችን ቀጠሮ ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ከአንድ ሙሽራ ጋር አልጋና ቁም ሳጥን ተዋዋልን። ቀብዱን ተቀበልን። «ከሰርጉ ሳምንት በፊት እናደርሳለን» አልን። አልጋው የደረሰው ለመልሱ ነው። የሙሽራው እናት ስልክ ደውለው የተናገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ነው የስልጠናውን ማስታወቂያ ያየሁት።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ቅሬታም አለኝ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ማስታወቂያው «ሊን እና ካይዘን ለሁሉም ዘርፍ» ይላል። «ለሁሉም» የሚባል ነገር ያስፈራኛል። ለሁሉም እግር የሚሆን ጫማ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ተመዘገብኩ። ስልጠናው በኅዳር ነበር፣ አሥር ቀን ፈጀ። አራቱን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ስድስቱን ቀን በየሠልጣኙ ሥራ ቦታ። ስድስት ሥራ ቤቶች ነበርን፦ የእኛ እንጨት ቤት፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ መካከለኛ ክሊኒክ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የቡና ማጠቢያ እና ልብስ ስፌት።

የክፍሉን አራት ቀን ቶሎ ልለፈው። አዳራሹ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ቡና ሁለት ጊዜ አለ፣ ምሳ የለም። ምሳ እንደሌለ የተነገረን የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሆዳችን ሲጮህ። አሰልጣኙ ወጣት ነው፣ ተግባቢ ነው፣ ንግግር ይችልበታል። ስላይዱ ግን ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው፣ ፎቶው ሁሉ የመኪና ፋብሪካ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጣ «ይሄ ደግሞ ምን ይላል?» ስትለኝ ዋለች። ሁለተኛው ቀን ላይ እኔም መተርጎም ሰለቸኝ።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ ዘዴው የቶዮታ ነው። «ካይዘን» በጃፓንኛ መሻሻል ማለት ነው። «ሊን» የሚለውን ስያሜ በ1988 ያወጣው ጆን ክራፍሲክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ስብ የሌለው፣ ቀጠን ያለ እንደ ማለት። ወደ እኛ አገር የገባው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተጀመረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ስለዚህ የሥራ ቦታ ማደራጃ የሆኑትን አምስቱን «ማ»ዎች ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ልጨርስ ሄጄ «ማጽዳት» የሚለው ወረቀት ራሱ አቧራ ለብሶ አይቻለሁ።

ከክፍሉ የያዝኩት «ሙዳ» የሚለውን ነው። ብክነት ማለት ነው። ታይቺ ኦኖ የሚባሉ የቶዮታ ኢንጂነር በሰባት ከፍለውታል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ማንም ያልጠየቀውን ሥራ መጨመር፣ ክምችት፣ ከንቱ እንቅስቃሴ፣ የተበላሸ ምርት። ስሰማው ቀላል መሰለኝ። በኋላ ግን ስድስቱም ሥራ ቤት ላይ ጭቅጭቅ ያስነሳው ይኸው ዝርዝር ነው።

አምስተኛው ቀን የእኛ ተራ ነበር። ሠልጣኙ ሁሉ ደብተሩን ይዞ ገባ። አባዬ በርጩማው ላይ ሆኖ «ዛሬ ደግሞ ኮሚቴ መጣብን» አለ። አሰልጣኙ ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። ከመላጊያው ማሽን አጠገብ ወለሉ ላይ ክብ ሠራና «ግቢ» አለኝ። ኦኖም በሥራቸው ያሉትን አለቆች እንዲህ በጠመኔ ክብ ውስጥ ያቆሟቸው ነበር አሉ። «40 ደቂቃ ትቆሚያለሽ። አትናገሪ፣ አትዘዢ፣ ስልክ አታንሺ። ያየሽውን ብቻ ጻፊ።»

ስድስት ዓመት የመራሁት ቤት ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ምንም አላየሁም። ያው ሠራተኞቼ ናቸው፣ ያው ሥራ ነው።

ከዚያ ልጁን አየሁት። ወንበር የሚገጣጥመው ልጅ ኮላ ቀባ። ሁለቱን እንጨት አጋጠመ። በአንድ እጁ ይዞ ዙሪያውን ተመለከተ። ኮላው እስኪደርቅ እንጨቱን አጣብቆ የሚይዘው ሞርሳ የለም። እንጨቱን አስደግፎ ወደ ጓሮ ሄደ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ፈለገ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። የጓደኛው ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ሞርሳ አየ። ጓደኛው አልተመለከተም። ፈታ አደረገና ወሰደው። እኔ ክቡ ውስጥ ሆኜ አፌን በእጄ ያዝኩ። የጓደኛው ኮላ ገና አልደረቀም ነበር!

በ40 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰ። ቆጥሬያለሁ።

ሌላም አየሁ። መላጊያው ሲነሳ ሰጋቱራው ብን ብሎ ወደ በሩ ይሄዳል። በሩ ጋ ደግሞ ቫርኒሽ የሚቀባው ልጅ አለ፤ ብርሃን ፈልጎ ነው እዚያ የተቀመጠው። እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ሰጋቱራ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሲደርቅ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ እንደገና ይቀባል። እኔ ለዓመታት «ይሄ ልጅ እጁ ንጹሕ አይደለም» እያልኩ ስቆጣው ነበር። ጥፋቱ የነፋሱና የእኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ «አምስት ለምን» የሚሉትን ሠራን። ደንበኞች ወንበር ይመልሱብናል፤ መጋጠሚያው ይላላል። ለምን? ኮላው አልያዘም። ለምን? ሞርሳው ቶሎ ይፈታል። ለምን? ሌላው ወንበር ይጠብቀዋል። ለምን? ያሉን ስድስት ሞርሳዎች ብቻ ናቸው። ለምን? አባዬ የገዛቸው በሳምንት ሁለት ወንበር በሚሠራበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቆጠረ የለም። አባዬ ከበራፉ ሆኖ «ታዲያ ግዢ ነዋ!» አለ። በነጋታው አሥር ሞርሳ ገዛሁ። ስልጠናው እዚህ ላይ ቢያልቅ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

አሰልጣኙ ግን ዝርዝሩን ይዞ ሠራተኞቹ መሃል ገባ። ዋናው አናጢያችን መሮ ይስሉ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ከአባዬ ጋር 20 ዓመት ሠርተዋል። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና «18 ደቂቃ፣ ሙዳ» ብሎ ጻፈ። ጋሼ ቀና ብለው «ምን አልክ ልጄ?» አሉት። አስረዳቸው። ደንበኛ የሚከፍለው ለወንበሩ ነው፣ ለመሳል አይከፍልም፣ ስለዚህ ብክነት ነው አለ። ጋሼ መሮውን አስቀመጡ። «በል ያልተሳለውን ያዝና አንድ ቀዳዳ ብሳልኝ» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አሰልጣኙ ግን፣ ይመስገን፣ አልተከራከረም። ደብተሩን ገልጦ ዋጋ ባይጨምርም የማይቀር ሥራ የሚባል ክፍል እንዳለ ነገረን፣ መስመሩንም ሰረዘው። መጀመሪያ ይህን ቢያስተምረን ምን ነበረበት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሄድንበት ቤት ያየሁት ይህንን ነው። የባከነውን ጊዜ ባከነ ለማለት ሙያውን ማወቅ ይጠይቃል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁሉም መቆም አንድ ይመስላል።

ዳቦ ቤቱን ውሰዱ። ቡኮው ተቦክቶ ሲቀመጥ አሰልጣኙ ሰዓቱን ሊያይ ሲል ባለቤቷ ቀደመችው። «እሱን እንዳትነካ። ኩፍ ካላለ ድንጋይ ነው የምትበላው።» ትክክል ናት። የእሷ ብክነት ሌላ ቦታ ነበር። የቀኑን ዳቦ በሙሉ ሌሊት ትጋግራለች። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰልፍ ነው። 4 ሰዓት ላይ ዳቦው ቀዝቅዟል፣ ሰልፉም የለም። ማታ ከሥራ የሚመለሰው ሰው ትኩስ ዳቦ ፍለጋ ሌላ ቤት ይሄዳል። የተረፈው በግማሽ ዋጋ ወይም ለከብት። ከመጠን በላይ ማምረት ማለት ይሄ ነው፤ ከስላይዱ ያልገባኝ ከመደርደሪያው ገባኝ። ለሁለት ከፈለችው፦ አንዱ ሌሊት፣ አንዱ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ እንዲወጣ። የመጀመሪያው ሳምንት የ10 ሰዓቱ ዳቦ ሲያልቅ ደውላ ነገረችኝ፣ ደስታዋ ልዩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ምድጃዋ ኤሌክትሪክ ነው። በነጋታውም ጠፋ። «ጃፓን መብራት ይጠፋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ሌሊት ትንሽ አትርፋ ትጋግራለች። ዝርዝሩ ክምችት ይለዋል። እሷ መጠባበቂያ ትለዋለች።

ክሊኒኩ ላይ በጣም ተጠራጥሬ ነው የሄድኩት። ነርሷም የመጀመሪያው ቀን «ሰው መኪና አይደለም» ብላ ነበር። አሰልጣኙ ሲያትል ስላለው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ነገረን፤ አመራሮቹ በ2002 ጃፓን ሄደው ፋብሪካ ውስጥ ተምረው መጥተው የቶዮታን ዘዴ ለሕክምና አዋሉት። ጥሩ ታሪክ ነው። እኛን ያሳመነን ግን የአንዲት እናት እግር ነው። አስፈቅደን አንዲት ታካሚ እናት የምትሄድበትን ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰመርን። ካርድ ክፍል። ገንዘብ ተቀባይ። ሐኪም። እንደገና ገንዘብ ተቀባይ፣ ለላብራቶሪ። ላብራቶሪ። ሐኪም። አሁንም ገንዘብ ተቀባይ፣ ለመድኃኒት። ፋርማሲ። ልጅ አዝላለች። ሦስት ጊዜ ያው መስኮት ፊት ተሰለፈች። ወረቀቱ ልጅ የሞነጫጨረው ይመስል ነበር። ነርሷ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኔኮ በየቀኑ ነው የማያቸው» አለች ቀስ ብላ። አሁን ሁለቱ ክፍያዎች በአንድ ላይ ይከፈላሉ፣ አንድ ሰልፍ ቀንሷል። በነገራችን ላይ አሰልጣኙ እዚህም ሐኪሙ ከታካሚ ጋር የሚያወራበትን ደቂቃ ሊለካ ፈልጎ ነበር። ነርሷ በሩን ዘጋችበት።

የቡና ማጠቢያውን ግን ወደድኩት። ቀይ እሸት ቡና የሚመጣበት ወቅት ስለነበር ሥራው ጦፎ ነበር። እዚያ መጠበቅ ገንዘብ ይበላል፤ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ እላዩ ላይ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። የሚያመጣው መኪና ግን ካልሞላ አይነሳም። ገበሬው ረፋድ ላይ የለቀመው መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሌላውን ይጠብቃል። ማታ ሁሉም በአንዴ ይደርሳል፣ መፈልፈያው ላይ ይከመራል፣ ሠራተኛው እስከ እኩለ ሌሊት ያድራል። እዚያው ቆመን ሒሳብ ሠራን። መኪናው ግማሽ ጭኖ ሁለቴ ቢመላለስ ነዳጅ ይጨምራል፤ ክምሩ ግን ይቀራል። ባለቤቱ ነዳጁን ሲያስብ ፊቱ ጠቆረ። በመጨረሻ «ከሩቆቹ ሁለት ቦታዎች ልሞክረው» አለ።

ከዚያ ወደ ማድረቂያው ወሰደን። ቡናው የሚደርቅበትን ከፍ ያለ የሽቦ ቆጥ «አልጋ» ነው የሚሉት። «እኔም አልጋ እሠራለሁ» አልኩት፣ ሳቀ። ሴቶቹ ቡናውን በእጃቸው እያገላበጡ የተሰነጠቀውን ይለቅማሉ። እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 በመቶ እስኪወርድ ቀናት ይፈጃል። አሰልጣኙ ደብተሩን አልገለጠም። ከመሮው በኋላ ተምሯል።

ጋራዡንና ልብስ ስፌቱን ብዙ አላወራም። ስፌት ቤቱ ጨርቅ የሚቆርጠውን ከሚሰፋው አጠገብ አዛወረ፣ በቃ። ጋራዡ ላይ ልጆቹ የእያንዳንዱን መፍቻ ቅርጽ ግድግዳ ላይ በቀለም አሰመሩ፤ የጎደለው ወዲያው እንዲታይ። አሪፍ ነበር። ከሳምንት በኋላ መኪና ላሠራ ስሄድ 13 ቁጥር መፍቻ የለም፣ ጥላው ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። «ቢያንስ እንደሌለ አወቅን» አለኝ ልጁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

አንደኛው «ማጣራት» ነው። የማያስፈልገውን ለይታችሁ ቀይ ወረቀት ለጥፉበት፣ አውጡት ተባልን። ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ለጠፉ። እኔ ያን ቀን ባንክ ነበርኩ። ስመለስ ቤቱ ሰፍቷል፣ አየሩ ገብቷል፣ ጥሩ ነው። ማታ አባዬ «ፎርማዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ከኮምፔንሳቶ የተቆረጡ ልኮች ናቸው፤ የወንበር መደገፊያ፣ የክንድ ማሳረፊያ፣ የአልጋ ራስጌ። አባዬ በ30 ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ያወጣቸው። አቧራ ለብሰው ጥግ ላይ ቆመው ነበር፣ ስማቸውም አልተጻፈባቸውም። አንዱ ሠራተኛ ልጅ ለቡና ማፍያ ሰብሮ አንድዷቸዋል። ሦስቱ ተረፉ። አባዬ ምንም አልተናገረም። በርጩማውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ፣ ሁለት ቀን አልመጣም።

ኋላ ሳነብ ደንቡ እንደዚያ አይደለም። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ለብቻው ቦታ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ የሚወስን ሰው ይሰየማል። ከዚያ ነው የሚወገደው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማንም አልነገረን። ለአሰልጣኙ ደውዬ ስነግረው «ይቅርታ፣ ሰዓት አልበቃንም ነበር» አለኝ። ለፖስተር መሸጫ ግን ሰዓት በቅቶታል፤ አምስቱ «ማ»ዎች የታተሙበት ስድስት መቶ ብር።

ሁለተኛው እንጨት ነው። ጓሮ የተደረደረውን የዋንዛ ጣውላ አይቶ «ይሄ ሁሉ የታሰረ ገንዘብ ነው፣ በሚያስፈልግ ጊዜ ብቻ ግዢ» ብሎኛል። ቶዮታ እንደዚያ ያደርጋል። ቶዮታ ግን እርጥብ ዋንዛ አይገዛም። ዛሬ ከግንድ የተሰነጠቀ ጣውላ ወራት በጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ጭራሮ ገብቶበት፣ አየር እያገኘ ካልተቀመጠ ሠርታችሁ ካስረከባችሁ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በጅማ ክረምት ደግሞ ምን ያህል እንደሚዘንብ እናውቃለን። ያ ጓሮ የእኔ የቡና አልጋ ነው። እምቢ አልኩ። ምክሩን ሰምቶ ጣውላውን የሸጠ ሰው ቢኖር የሚከሰው ማንን ነው እያልኩ አስባለሁ።

ሦስተኛው ክፍያ ነው፤ ስልጠናው ጨርሶ ያልነካው። ሠራተኞቼ ግማሾቹ በቁራጭ ነው የሚከፈላቸው። አንድ ጊዜ ለ12 ወንበር 48 እግር በአንድ ላይ ቆረጥን፣ ቀዳዳውን በሳን፣ ፋቅን። ሲገጣጠም ቀዳዳው አንድ ሳንቲም ሜትር ወርዷል። 48ቱም። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ክሩ ሲበጠስ ራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን ሠርተዋል፤ የቶዮታ ኩባንያ ሥር እሱ ነው። እኛ ክሩ ተበጥሶ 48 ጊዜ ሸመንን። አሰልጣኙ «አንድ ወንበር ጨርሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ» አለ፣ እውነት ነው። ግን በቁራጭ የሚከፈለው ልጅ ማሽኑን አንዴ ካስተካከለ 48ቱን ቢቆርጥ ነው የሚያዋጣው። ለመጀመሪያው ወንበር ቆም ብሎ ቢጠብቅ ኪሱ ነው የሚጎዳው። «ትርፉ ለማን ነው እትዬ?» ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ለመጀመሪያዋ ናሙና ወንበር የቀን ሒሳብ እከፍላለሁ። ይህን ያመጣነው እኔና ጋሼ ነን፣ ስላይድ ላይ የለም።

አራተኛው፣ ከወር በኋላ መጥተን እናያለን ብለው ነበር። ሦስት ወር ቆይተው በስልክ ጠየቁኝ። «አምስተኛው ማ እንዴት ነው?» አለችኝ አንዲት ልጅ። ማዝለቅ መሆኑ ነው። «እናንተስ?» አልኳት።

ውጤቱን ትጠይቁኝ ይሆናል። ከስልጠናው በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የተመለሰብን ወንበር ሁለት ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ሰባት ነበር። ቫርኒሹ ከመላጊያው ተለይቶ ከግድግዳው ጀርባ ሄዷል፣ መስኮት አስከፍተንለታል። ሞርሳዎቹ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆመን አሥር ደቂቃ እናወራለን፤ ምን ይወጣል፣ ምን ጎደለ። በዚህ ጥር አንድም አልጋ ለመልስ አልደረሰም። አንድ ቁም ሳጥን ግን በሁለት ቀን ዘግይቷል፣ አልዋሽም።

ልትሄዱ ከፈለጋችሁ ለብቻችሁ አትሂዱ። የእኔ ስህተት እሱ ነው። ስመለስ ቤቱ ውስጥ ቋንቋውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ሠራተኞቹም «ሰው ሊቀንሱ ነው» ብለው ፈርተው ነበር። እጁን የሚያሳርፍበትን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ቀን በሥራ ቦታ እንደሆነ ጠይቁ። ሙሉውን ክፍል ውስጥ ከሆነ ተዉት። ከሌላ ሙያ ሰዎች ጋር የሚቀላቅሏችሁ ከሆነ ሂዱ፤ እኔ ከአሰልጣኙ ይልቅ ከዳቦ ቤቷና ከቡና ማጠቢያው ባለቤት ተምሬያለሁ። ፖስተሩን አትግዙ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። ግማሿ ለጠመኔው ነው።

ለሚቀጥለው ዙር ጋሼን አስመዝግቤያቸዋለሁ። አባዬ ሰምቶ «አሁን ገና አሰልጣኝ አገኙ» አለ። ጋሼ ራሳቸው ብዙ አላሉም። መሮውን እየሳሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ምሳ አለው?»

«የለውም ጋሼ።»

«እንግዲያው ቋጥሬ ነው የምሄደው» አሉ።